የውሸት መግሪብ

ወሩ ረመዳን ነው፤ ከሸዋ በር በተሳፈርኩበት ታክሲ ከፊቴ አንድ ሐጂና የስልክ አፕ የሚሠራ ወጣት ተቀምጠዋል።

“ሐጂ፣ የማፍጠሪያ ሰዓት የሚናገረውን አፕ በደንብ ሞክሬው ነው የጫንኩልዎት።”

“ከንጋት ሱብሂ እስከ ጀንበር መጥለቂያው መግሪብ ቁጭ ብለህ ጠበቅከው?”

“ማን ይጠብቃል! ለመሞከሪያ የውሸት ሰዓት አለው። ወደፊት ስገፋው ቀኑ በአንድ ሰከንድ ያልቅና አዛን ይላል።”

“ታዲያ ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ለምን አዛን አለ?”



“የውሸቱን ሰዓት... ሳላወጣው ጭኜልዎት ይሆናል።”

“አስተግፊሩላህ!”

“አፈጠሩ እንዴ?”

“እኔማ ፀሐይዋን እያየሁ እንዴት ብዬ! ባለቤቴ ግን ‘የወደፊት አማቻችን የሠራው አይሳሳትም’ ብላ ሦስት ቴምር በልታለች።”

“ወይኔ! እሳቸውስ ተቆጡ?”

“ያን ቀን እሱ ይፁምልኝ እያለች ነው።”

“አፉ ይበሉኝ፣ ሐጂ። ከዒድ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ነበር እኮ...”

“ላክ፣ ማን ከለከለህ? ብቻ በዚያ የውሸት ሰዓትህ ቆጥረህ ነገ እንዳትልክብን!”

ስልኬ ላይ ሰዓቱን አየሁና፣ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ ፀሐይዋን ፈለግኋት።