በክርኑ መታጠፊያ አራት ጣት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ ከከተማው ጽሕፈት ቤት የመጣችሁ ኃላፊዎች፣ ግንበኞችና አናጢዎች የሙያ ጓደኞቼ፤ ይህን ፀሐይ ችላችሁ ስለቆማችሁ እግራችሁ ይባረክ። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ንግግር አላውቅበትም። እሱ ቢሰማኝ "ነገር አታብዛ፣ ልኩን ተናገር" ይለኝ ነበር። እሺ ጋሼ፣ ልኩን እናገራለሁ።

ጋሽ ሜትር ነበር የምንለው። እውነተኛ ስሙን ብዙዎቻችሁ ዛሬ ነው የሰማችሁት። በከተማው ጽሕፈት ቤት ሠላሳ ዓመት ንድፍ ሲያነሳ ኖረ። ከዚያ ጡረታ ወጣ ተባለ። ማን ወጣ? በማግስቱ ጠዋት ሜትሩን ኪሱ ከትቶ እዚያው አሮጌው ሰፈር ተገኘ።

የሰፈሩን በር ሁሉ ለካው። መስኮቱን ለካው። ሰገነቱን ለካው። የጣሪያ ውኃ መውረጃውን ሳይቀር ለካው። ባለቤቱ "መጀመሪያ ቤታችን የመጣ ቀን አባቴን ሰላም ሳይል የበሩን ስፋት ለካ፤ አባቴም 'ይሄ ሰው የፈለገው አንቺን ነው ቤቱን?' አለኝ" እያለች ታስቀን ነበር። እትዬ፣ ዛሬም ትንሽ ሳቂ። እሱ አይቀየምም።

ለምን ይመስላችኋል ይህ ሁሉ ልኬት? አንድ ቀን ጠየቅሁት። "ሳንለካው ካፈረሱት፣ ድሮም አልነበረም ይሉናል" አለኝ። ይኸው ነው መልሱ። ሌላ ፍልስፍና አልነበረውም።

ግን ጋሽ ሜትር አይሳሳትም ነበር ብዬ አልዋሽም። መቃብሩ ላይ ቆሜ ብዋሽ ተነስቶ ያርመኛል።

ክርኑን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንደ ሰው ክርን የምትታጠፈው ጠባቧ መንገድ። መታጠፊያዋ ላይ ያለው የጥግ ቤት የሰፈሩ ሁሉ ታላቅ ነው። የውጭ ደረጃው ዘጠኝ እርከን ድንጋይ ነው፤ ሦስተኛው መሐሉ ተበልቶ ሳህን መስሏል። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ጠግኑት ተባልን። እሱ ነደፈ፣ እኔ ጠረብኩ። ሦስተኛውን ድንጋይ አውጥቼ አዲስ አስገባሁ፤ ውኃ ልኩን ሳስቀምጥበት ቅንጣት አላዘነበለም። እንዴት ኮራሁ!

በሦስተኛው ቀን የጥግ ቤቷ እናታችን ከዚያው ደረጃ ወድቃ ክንዷ ተሰበረ። ስልሳ ዓመት የወጣችበት ደረጃ! ሐኪም ቤት ሄደን ጠየቅናት። ምን አለችን? "ልጆቼ፣ ቤቴን አሳመራችሁት። እግሬ ግን አላወቀውም።"

ጋሽ ሜትር ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ ደረጃው መራኝ። ደረጃው ጋ ስንደርስ "አውጣው" አለኝ። "ምኑን?" "አዲሱን ድንጋይ። አሮጌውን መልሰው።" እኔም ደሜ ፈላ፤ "ሥራዬ ምን ጉድለት አለበት?" ብዬ ጮህኩበት። "ያንተ ሥራ ጉድለት የለበትም" አለኝ። "የጎደጎደውን ቀጥ አድርጌ የሳልኩት እኔ ነኝ።" ደግነቱ አሮጌውን ድንጋይ አልጣልነውም ነበር። መለስነው።

ከዚያን ቀን ወዲህ አሠራሩ ተለወጠ። ቤት ሊለካ ሲሄድ መጀመሪያ አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብሎ ነዋሪውን ያያል። ማን በየት ይወጣል? እጁ የት ያርፋል? ከዚያ በኋላ ነው ሜትሩ የሚወጣው። የጥግ ቤቱን ንድፍ ሂዱና እዩት። ንድፉ ላይ፣ ከሦስተኛው እርከን ጎን ያለው ግድግዳ ጋ በእርሳስ "እዚህ ጋ ትደገፋለች" ብሎ ጽፏል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ይህ ቤት ይፍረስ፣ ክርኑም ይስፋ የሚል ዕቅድ መጣ። ስብሰባ ተጠራን። ዕቅዱን ያመጣው የከተማው መሐንዲስ ተነሳና "ሬሳ እንኳ የማያሳልፍ መንገድ ቅርስ ሊባል አይችልም!" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ምን ልደብቅ? ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ያረፈ ጊዜ ሣጥኑ በክርኑ አያልፍም ብለን በብርድ ልብስ ጠቅልለን አውጥተነዋል። እስከ ዛሬ ያንገበግበናል።

ጋሽ ሜትር ከኋላ ወንበር ተነሳ። "ያልፋል" አለ። "ለክቼዋለሁ። መታጠፊያው ላይ የፊተኞቹ ግድግዳውን ተጠግተው ይቁሙ፤ የኋለኞቹ ከትከሻ በላይ ከፍ ያድርጉት። አራት ጣት ይተርፋል።"

መሐንዲሱም "በማን ሬሳ ለካኸው?" ብሎ አሳቀብን።

"እስካሁን በባዶ ሣጥን ነው" አለ ጋሽ ሜትር፣ ፍርጥም ብሎ።

እውነቱን ነው! ልብስ ሰፊው በተቀበረ በሳምንቱ ከአናጢው ባዶ ሣጥን ተውሶ በጠራራ ፀሐይ አሸክሞን ነበር። ከፊት የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ሰፈርተኛው "ማን ሞተብን!" እያለ ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። ገሚሱ አለቀሰ። ማንም አለመሞቱን ሲሰሙ ሊደበድቡን ምንም አልቀራቸውም። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ በግድግዳውና በሣጥኑ መካከል ጣቱን እያስገባ ይቆጥር ነበር።

ስብሰባው ውሳኔውን አራዘመው። ቤቱ "ለጊዜው" ይቆይ ተባለ። ለጊዜው የተባለው ጊዜ የፊታችን ሐሙስ ያበቃል፤ ስብሰባውም እንደገና ይቀመጣል። እሱ ሐሙስን ሲጠብቅ ነበር፤ አልደረሰባትም።

ዛሬ ጠዋት አንዳንዶቻችን፣ እኔም ጭምር፣ "በብርድ ልብስ ይውጣ፣ መታጠፊያው ላይ እንዳናፍር" አልን። እትዬ ቀና ብላ አየችን። "በክርኑ ነው የሚወጣው፤ በሣጥኑ" አለች። በቃ።

ነበራችሁ አይደል? አይታችኋል አይደል? እኔ ከፊት ነበርኩ። ከኋላ በግራ የያዘው ማን ነበር? መሐንዲሱ! ማንም ሳይጠራው መጥቶ ትከሻውን ሰጠ፤ እግዜር ይስጠው። ግድግዳውን ተጠጋን። "ከፍ!" አልኩ። ከፍ አደረጉት። የጥግ ቤቷ እናታችን ሦስተኛው እርከን ላይ ቆማለች፤ እጇ የት እንደነበረ አያችሁ? እሱ በእርሳስ የጻፈበት ቦታ ላይ። ሣጥኑ በፊቷ አለፈ። ግድግዳውን አልነካም።

ጌታዬ መሐንዲሱ፣ በዚያ ስብሰባ አንድ ጥያቄ ጠይቀኸው ነበር። መልሱን ዛሬ በትከሻህ ተሸክመኸዋል። ሐሙስ አብረን እንቆማለን፤ አንተ የተሸከምከውን ትናገራለህ፣ እኔ ልኩን እናገራለሁ። ያ ቤት አይፈርስም።

ጋሼ፣ ወዳጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት የተጨቃጨቅኩህ ሰው፤ ናፍቆትህን ከአሁኑ አልቻልኩትም። ግን ተኛ፣ እረፍ። ሜትርህ እኔ ኪስ ውስጥ ናት። ደግሞ መታጠፊያው ላይ እጄን አስገብቼ ነበር፤ አንተን ሳላምን ቀርቼ አይደለም፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

አራት ጣት ተርፏል፣ ጋሽ ሜትር። ደህና ሁን።