ካልሲ የለበሱ ዲስኮች

ሰው ከጎረቤቱ ጋር ስምንት ዓመት በአንድ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ፣ ከሰላምታ ሌላ ቃል ላይለዋወጥ ይችላል። ጋሽ ካሜራና ከበላያቸው የምትኖረው የኮምፒውተር ባለሙያ እንዲህ ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ ግን ባለሙያዋ ከምትሠራበት ማተሚያ ቤት ስትመለስ፣ ሽማግሌው ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው አገኘቻቸው። ጭናቸው ላይ አንድ የሱፍ ካልሲ ነበር፤ ካልሲው ውስጥ ደግሞ ሀርድ ዲስክ።

አሟቸው መስሏት ደነገጠች። ደረጃውን ሲወጡ ስለደከማቸው ብቻ እንደተቀመጡ ነገሯት። እሷም አላመነቻቸውም፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ አጠገባቸው ተቀመጠች።

ስማቸውን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ሠርግና የሰው ምርቃት ሲቀርጹ ኖረው፣ ካሜራውን ሸጠው ስሙ ቀረላቸው። የቀረጹት ሁሉ በሰባት ዲስክ ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ካልሲ ለብሶ ቁም ሣጥን ውስጥ ይኖራል። በስድስቱ ላይ «ሠርግ» እና «ምርቃት» ተጽፎባቸዋል። ሰባተኛው «ቤት» ይባላል፤ ከስድስት ዓመት በፊት የሞተችው ሚስታቸውና የአንድ ልጃቸው ልጅነት ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከቀብሩ ወዲህ «ቤት»ን አንድ ቀን እንኳ አልከፈቱትም። ያልተነካ ነገር አይበላሽም ብለው ያምኑ ነበር፤ እንዲህ ያለውን እምነት ማን እንዳስተማራቸው እግዜር ይወቅ። ሩቅ አገር የምትኖረው ልጃቸው ወልዳ፣ «አባዬ፣ ልጄ የአያቷን ድምፅ ትስማ» እያለች ስትለምናቸው፣ ዲስኩ እንዳያልቅ እያሉ ቀጠሮ ሲሰጧት ኖሩ። ያን ዕለት ጠዋት ግን ልባቸው ራርቶ ሰኩት። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ አለና ጸጥ አለ። ሁለት ጠጋኞች አዩት፤ ሁለቱም ውስጡ ተፍቋል፣ ተስፋ የለውም አሏቸው።

ባለሙያዋ ታሪካቸውን ሰምታ፣ የሞተውን አስነሣለሁ ብላ አልዋሸቻቸውም። የተረፉትን ስድስቱን ግን በአንድ ሳጥን አሰባስባ፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚገናኝ አንድ የቤት ሰርቨር ልትሠራላቸው እንደምትችል ነገረቻቸው።

ጋሽ ካሜራ ተቆጡ።

«አንዱ ሞቶብኝ እያዘንኩ ስድስቱን በአንድ መቃብር ክተታቸው ትይኛለሽ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ። እነዚህ የተረፉት ተለያይተው ስለተቀመጡ እኮ ነው፣ ልጄ።»

እውነቱን ለመናገር ክርክራቸው ውሃ የሚያነሳ ነበር። ባለሙያዋም አልናቀችውም።

«ዝም ብሎ መደርደር ብቻ ቢሆን እኔም አልመክርዎትም፣ አባባ። ሳጥኑ ውስጥ ግን ዲስኮቹ ዋስ ይሆናሉ። አንዱ ቢሞት፣ ሌሎቹ ከያዙት ተደማምሮ የጠፋው ተመልሶ ይጻፋል፤ እርስዎ አዲስ ዲስክ በቦታው ማስገባት ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ። ‹ቤት› ግን ብቻውን ነበር፤ ማን ዋስ ይሁነው?»

«ሁለቱ አንድ ላይ ቢሞቱስ? ቤቱ ቢቃጠልስ?»

«ያኔ ሳጥኑ አያድንዎትም» አለች ሳታመነታ። «ስለዚህ ሌላ ቅጂ ሌላ ቤት ይቀመጣል። ልጅዎ ዘንድ።»

ይህቺ መልስ ሽማግሌውን አሸነፈቻቸው። ነጋዴ ብትሆን እንዲህ አትልም ነበር ብለው አሰቡ። አፋቸው ግን እሺ ለማለት ገና ነበር፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እሳቸው የቆጠቡት እንዳያልቅ ብለው መሆኑን ደገሙላት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለማን ነው የቆጠቡት?» አለቻቸው።

ጋሽ ካሜራ ካልሲውን አገላብጠው አዩት።

«ለማንም» አሉ በመጨረሻ። «ድምጿን ከሰማሁ የማልነሣ መስሎኝ ፈራሁ። ለልጄ ዲስኩን ሰበብ አደረግሁባት።»

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ሁለት አዳዲስ ዲስኮች ተገዙ። አሮጌዎቹ ወደ ሳጥኑ ከመግባታቸው በፊት ባዶ መደረግ እንዳለባቸው ሲሰሙ፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዲስኮቹ ላይ ጭነው አላነሣም አሉ። ባለሙያዋ ታገሠቻቸው። መጀመሪያ አዲሶቹ ላይ ይገለበጣል፤ ቅጂውን እርስዎ ራስዎ ከፍተው «ደህና ነው» ሳይሉኝ አንድም ነገር አላጠፋም አለቻቸው። ስለዚህ ጋሽ ካሜራ ወንበራቸውን ስበው፣ የማያስታውሷቸውን ሰዎች ሠርግ አንድ በአንድ ማየት ጀመሩ።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ አንዲት ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ፣ ከካሜራው ኋላ የሴት ድምፅ ተሰማ። «ወደ ግራ ዞር በል እንጂ፣ የሙሽራዋን እናት እኮ ቆርጠሃታል።»

ሽማግሌው ብድግ ብለው ቆሙ። ሚስታቸው ነበረች።

ለካ ሃያ ዓመት ሙሉ መብራት ይዛ ከኋላቸው የቆመችው እሷ ናት። ለደንበኛ የሚሰጠውን ፊልም ሲሠሩ ድምጿን እንደ ጉድለት እያወጡ ሙዚቃ ይጭኑበት ነበር፤ ያልተቆረጠውን ደግሞ «ሠርግ» ብለው ጽፈው አስቀመጡት። የራሳቸውን ሚስት በሰው ሠርግ ውስጥ መፈለግ እንዴት ትዝ ይበላቸው? ሁሉንም በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ ባይነሡ ኖሮ አንዱንም አይከፍቱትም ነበር። ባለሙያዋ ነገሩ ሲገባት ቀስ ብላ ወጥታ በሩን ዘጋችላቸው።

ዛሬ ጋሽ ካሜራ ደረጃ ላይ ያገኙትን ሁሉ ይመክራሉ። በየመሳቢያው የተበተነውን ሰብስቡ፤ አንዱ ለአንዱ ዋስ ይሁን፤ ሌላ ቅጂ ሌላ ቤት አስቀምጡ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፈቱት፣ እዩት፣ ያልተከፈተ ነገር መሞቱም አይታወቅም ይላሉ። ሰዎቹ ትዕግሥት ኖሯቸውም ባይኖራቸውም ይሰሟቸዋል። ሽማግሌው ብቻቸውን እንደሚኖሩ ያውቃሉና።

ሳጥኑ ባለቀ ማግሥት ልጃቸው ካለችበት ሆና በኢንተርኔት ሰርቨሩን ከፈተች። አባትና ልጅ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ አንዱን ሠርግ በሁለት አገር አብረው አዩ። እናትየው አሁንም ስለ መብራቱ ትነዘንዛለች። ልጅቱ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተቀየረ።

ወዲያው የጋሽ ካሜራ የራሳቸው የጎልማሳነት ድምፅ መጣ። «ዝም በይ፣ ሥራዬን ታበላሺያለሽ።»

ልጅቱ የእናቷን መልስ ጠበቀች። «አባዬ፣ ከዚያ በኋላስ ምን አለች?»

«ምንም አላለች» አሉ። «ዝም አለች።»

ሙሽሮቹ ሲጨፍሩ፣ እንግዶቹ ሲስቁ፣ ሠርጉ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱም ድምጿን ጠበቁ። ከካሜራው ኋላ ማንም አልተናገረም።

«ሌላ ክፈትልን፣ አባዬ» አለች ልጅቱ።

ጋሽ ካሜራ ዓይናቸውን ጠርገው ከዝርዝሩ የሚቀጥለውን ከፈቱ።