የአቶ አስራት ሁለት ትከሻዎች

ከካይሮው ሞሃንዲሲን ሰፈር ወደ 6ኛ ኦክቶበር ከተማ የሚሄደው ማይክሮባስ መንገዱ ረጅም ስለሆነ፣ እንደ እኔ የሰው ወሬ ለሚወድ አስተማሪ ትልቅ ሲሳይ ነው። አንድ ዓርብ ቀን ከፊቴ ባለው ወንበር ላይ ሁለት የአገሬ ሰዎች ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንደኛው ኮታቸው አሮጌ ቢሆንም በደንብ የተተኮሰ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ ወጣት ስትሆን፣ የክሊኒክ ፋርማሲስት መሆኗን ስትገባ ደረቷ ላይ ካለው ባጅ አነበብኩ። አይተዋወቁም ነበር።

ሾፌሩ እንደ ካይሮ ሾፌሮች ወግ ሲጋራ ለኮሰና ፓኮውን ወደ ኋላ ዘርግቶ «ኢትፈደል ያ ሐግ!» ሲል ሽማግሌውን ጋበዘ። አንድ መዘዙ። ነገር ግን ሳይለኩሱት በጣታቸው መሀል ይዘው፣ «አይ አስራት! ዛሬም?» አሉ ለራሳቸው።

ልጅቷ ዘወር አለች። «አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሊያቆሙ አስበው ነው?»

«ማቆምስ ስንቴ አቁሜያለሁ፣ ልጄ! አሁን የምሄደው ሴት ልጄ ሶስና ዘንድ ነው። የወለደቻት ሕፃን ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ሐኪሙ ‹ጢስ የሚባል አጠገቧ እንዳይደርስ› አለ። ሶስናም ‹አባዬ፣ ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ፣ እስክታቆም ድረስ በር ላይ ሆነህ እያት› አለችኝ። የልጅ ልጄን አንድ ቀን እንኳ አላቀፍኳትም።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ።

«መድኃኒት ሞክረው ያውቃሉ?» አለች ልጅቷ። ስሟ ሠናይት መሆኑን የነገረችን በኋላ ነው።

«የኒኮቲን ማስቲካውን ሞክሬ ደህና ይዞልኝ ነበር። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።»

«ጾም ገባና?»

«ምን ነካሽ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾምኩ ማስቲካ ላኝክ? ጠዋት ጠዋት ተውኩት እንጂ።»

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ምን ያደርጉ ነበር?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። «አጨስ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ሠናይት ሳቋን በመዳፏ ያዘችው፤ እኔ ግን አቃተኝና ፈነዳሁ። መድኃኒቱ ጾም ያስገድፋል ተብሎ ሲጣል ሲጋራው ጾመኛ ሆኖ ቀረ! አቶ አስራት ዞር ብለው ገላመጡኝና፣ እግዜር ይስጣቸው፣ እሳቸውም ሳቁ።

«የጾሙን ነገር የነፍስ አባትዎን ይጠይቁ» አለች ሠናይት፤ «እኔ የማውቀውን ልንገርዎ። አፍ የማይነካ መድኃኒትም አለ። እንደ ፕላስተር ጠዋት ትከሻ ላይ ይለጠፋል፤ ኒኮቲኑን በቆዳ በኩል ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። ያዕኒ፣ ማለቴ፣ ሰውነትዎ የለመደውን በመጠኑ እያገኘ ሳንባዎ ከጢሱ ያርፋል። ከዚያ መጠኑ እየቀነሰ ይሄድና ኸላስ፣ ያበቃል። አምሮቱን የሚያበርድ ኪኒንም አለ። የትኛው እንደሚስማማዎት ሐኪም መርምሮ ይወስናል።»

«ኒኮቲን ራሱ መርዝ አይደለም እንዴ? መርዝን በመርዝ?»

«ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል። ሳንባ የሚጎዳውና ካንሰር የሚያመጣው ግን በዋናነት ጢሱ ነው። የልጅ ልጅዎን የሚያፍናትም እሱ ነው።»

አቶ አስራት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሺ፣ እውነቱን ላውጣው። እኔ አገሬን ጥዬ ስሰደድ የሱዳንን በረሃ በእግሬ ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ለአንዲት ሲጋራ ፕላስተር ልደገፍ? ወንድ ልጅ በራሱ ቁርጠኝነት ነው የሚያቆመው!»

እዚህ ላይ ልጅቷ የምትረታ መሰለኝ፤ ኩራት ከሱስ ይብሳልና። እሷ ግን ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«አባባ፣ በረሃውን ሲያቋርጡ ውኃ ይዘው ነበር?»

«ያለ ውኃማ እንዴት ተደርጎ!»

«ታዲያ የተራመደው ማን ነው? ውኃው ነው ወይስ እርስዎ?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው ሲጋራውን ቁልቁል እያዩ።

«ይኸም እንደዚያው ነው። መድኃኒቱ አይራመድልዎትም፤ መንገድ ላይ እንዳይወድቁ ያግዝዎታል እንጂ። በመድኃኒትና በምክር የታገዘ ሰው ብቻውን ከሚታገለው ይልቅ ይሳካለታል። አንድ ቀን ቢሳሳቱም እንደገና መጀመር ነው፤ ነውር የለውም።»

እኔም አስተማሪነቴ አላስችል ብሎኝ፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፤ እርስዎ ግን ዛሬ ገለጡት» አልኳቸው።

አቶ አስራት ሲጋራውን ለሾፌሩ መልሰው «በጠልት» አሉት፤ አቆምኩ ማለታቸው ነው። ሾፌሩም «ረቢና ማዓክ!» ብሎ መረቃቸው።

ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ሆንን። ሐኪም መርምሮ ፕላስተሩን አዘዘላቸው፤ የነፍስ አባታቸውም የማስቲካውን ታሪክ ሰምተው ሲስቁ ከቆዩ በኋላ «መድኃኒትህን ለጥፍ» አሏቸው። ቀላል ነበር አልልም። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተሳስተው አጨሱ። በማግስቱ አፍረው ሳይደበቁ ለሠናይት ደወሉላትና እንደገና ጀመሩ። በረሃ ካቋረጡበት ቀን ይልቅ በዚያ ስልክ አደነቅኋቸው። ሳላቸው ለቀቃቸው፤ የሶስናን ደረጃ መሀል ላይ ሳያርፉ መውጣት ቻሉ፤ የምግብ ጣዕም ተመለሰላቸው። ያችን ትንሽ ፕላስተር ለሠራው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እጁን ይባርከው እላለሁ።

ሶስናም ልብሳቸውን አሽትታ፣ ዓይናቸውን አይታ በሩን ከፈተችላቸው። ፕላስተሩ በየቀኑ ቦታ ስለሚቀይር፣ ሕፃኗን ከማቀበሏ በፊት «አባዬ፣ ዛሬ በየትኛው ትከሻ ነው?» ማለት ልማዷ ሆነ። እሳቸውም «ቀኙ የመድኃኒቱ፣ ግራው የእሷ» ወይም ተገላቢጦሹን ይመልሳሉ።

ባለፈው ዓርብ አብሬያቸው ሄድኩ። ሶስና ሕፃኗን ይዛ እንደ ወትሮዋ ጠየቀቻቸው።

አቶ አስራት ኮታቸውን አውልቀው እጆቻቸውን ዘረጉ። «መድኃኒቱ አብቅቷል» አሉ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ሁለቱም የእሷ ነው።»