ደሙ ያልለቀቀው ነጭ ቀሚስ

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ቨርና በቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ያገለገሉ ልብሶች ከሚሸጡበት ጠረጴዛ ኋላ ቆማ ትሪሻ ለምትባል ወጣት ሴት ለሃሎዊን፣ ሰው ሁሉ የሙት መንፈስና የጭራቅ መልክ ለብሶ ለሚወጣበት በዓል፣ የሚሆን ልብስ ታፈላልግላት ነበር። ትሪሻ ለዚህች የኦሃዮ ከተማ አዲስ ናት። በእሳት አደጋ ሠራተኞች አዳራሽ ለአዋቂዎች በሚዘጋጀው ግብዣ ላይ ከባሏ ጋር ተጠርታለች፤ የምትለብሰው ግን ጠፍቶባታል።

ቨርና በቆሎው ዘንድሮ ቶሎ መሰብሰቡን አጫወተቻት። ዝናቡ እስከ በዓሉ ማታ ቢታገስ ምን ነበረበት አለች። ለልጅ ልብስ መፈለግ ሥራ አይደለም፤ አንሶላ ላይ ሁለት ቀዳዳ ከበሱለት ከረሜላውን ሊለቅም ይሮጣል። ትልቅ ሰው ነው መከራው። ወገብ አለው፣ ሆድ አለው፣ «ሰው ምን ይለኛል» የሚል ነገር አለው።

ይህን እያለች ሳለ በሩ ተከፈተና ታናሽ እህቷ ገባች።

ሁለቱ እህትማማቾች ከአምናው ሃሎዊን ወዲህ ተነጋግረው አያውቁም። ታናሽየዋ የወረቀት ከረጢት ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ራሷን ነቅንቃ ሰላምታ ሰጠች፤ ቨርና በዚያች ቅጽበት አንድ ካፖርት መስቀያ ላይ ማስተካከል ነበረባት። ታናሽየዋ ባርኔጣዎቹ ዘንድ ሄዳ ቆመች፤ ደንበኛዋ እስክትሄድ መጠበቋ ነው። ቨርናም ደንበኛዋ ቶሎ እንዳትሄድ ወሰነች።

«ምን ይለኛል የማይሉም አሉ እኮ» አለቻት ለትሪሻ፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ። «ልብስ የሚያምርባቸው። አንዷን እኔም አውቃታለሁ… በሩቁ። አምና በሃሎዊን ልብስ ውድድሩ አንደኛ ወጥታ ተሸለመች። አንቺ ገና አልመጣሽም ነበር መሰለኝ? አመለጠሽ። አዳራሹ ቆሞ ነው ያጨበጨበላት።»

ትሪሻ ከጠረጴዛው ላይ ሁለት ቀዳዳ ያለው አንሶላ አነሳች። ቨርና የሙት መንፈስ መሆን ቀላል እንዳይመስላት መከረቻት።

«ያቺ የምልሽ ሴት ታውቅበት ነበር። አንዲት አሮጊት ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ስትውል፣ ያቺ ሴት አለች ይባላል እንጂ ያያት የለም። አልፎ አልፎ በስልክ ድምጿ ይሰማል… ከዚያ ጭጭ። ልቧ ርቆ እንዳይመስልሽ። መንገዱ ነው የከበዳት። ሃያ ደቂቃ መኪና መንዳት ለሰው ቀላል ነው እንዴ? ወገብ ያማል።»

ከባርኔጣዎቹ አንዱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ታናሽየዋ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

አሮጊቷ የሁለቱ እናት ነበረች። በከተማው ሆስፒታል ሠላሳ ስምንት ዓመት በነርስነት አገልግላለች፤ ግማሹ የከተማው ሰው በእጇ ነው የተወለደው። ከመሞቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነች፦ በነጩ የነርስ ቀሚሷ ቅበሩኝ። ቨርና አጥባ፣ ተኩሳ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለችላት። እናትየው ያረፈች ዕለት ታናሽየዋ መጣችና በሯን ዘግታ አንድ ሰዓት ያህል መኝታ ቤት ቆየች። ብቻዋን ልታለቅስ ነው ብለው ተዉአት። ለቀብሩ ሲዘጋጁ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባዶ መስቀያ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ቨርና ቤቱን ሁሉ ገለበጠች። በመጨረሻ እናቷን ሰማያዊ የሰንበት ቀሚስ አለበሰቻትና፣ ማንም ሳይሰማ፣ ይቅርታ ጠየቀቻት። ከአምስት ወር በኋላ፣ በሃሎዊን ማታ፣ ታናሽየዋ ያንን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ደረቱ ላይ ደም የሚመስል ቀይ ቀለም ደፍታበት፣ ወደ አዳራሹ ገባች።

ይህን ሁሉ ቨርና ለትሪሻ በዚህ መልክ አልነገረቻትም። የነገረቻት ሴቲቱ ለድሮ ልብስ ያላትን ፍቅር ነው።

«ሌላው ከሱቅ ይገዛል። እሷ ግን ታሪክ ያለው ካልሆነ አትለብስም። 'የሞተን አትርሳ፣ የወደቀን አንሳ' ይባል የለም? ሁለቱንም የሚችል ማን አለ? እሷ የወደቀችውን ማንሳት ባይመቻትም የሞተችውን አልረሳችም… ቁም ሳጥኗን እንኳ አልረሳችም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። አንዷ ከአልጋው ስር ፖፖ ስታመላልስ ትኖራለች፤ ሌላዋ ዋንጫ ታመጣለች። ለቤተሰብ ሁለቱም ያስፈልጋሉ።»

ትሪሻ ነገሩ ሳይገባት ፈገግ ብላ የመልአክ ክንፍ ትከሻዋ ላይ ለካች። ያን ጊዜ ታናሽየዋ ከባርኔጣዎቹ ተላቃ መጣችና ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እጇ ግን ከረጢቱን ለቅቆ ለመነሳት ጊዜ ወሰደበት።

ቨርና ከፈተችው። ነጩ ቀሚስ ነበር። ታጥቧል፣ ተተኩሷል፣ ልክ እናታቸው ታጥፈው በነበረው አኳኋን ታጥፏል። ከታጠበበት ብዛት ጨርቁ ሳስቷል፤ ቀዩ ቀለም ግን ደረቱ ላይ ሮዝ ሆኖ ቀርቷል። እናታቸው በሕይወት ሳለች የወለቀችው የአንገት ቁልፍ በአዲስ ተተክታለች። ስፌቱ ሸፋፋ ነው፤ ታናሽየዋ ከልጅነቷ ጀምሮ መርፌ አትችልም። ቨርና ያቺን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት። እህቷ በሕይወቷ «አጥፍቻለሁ» ብላ እንደማታውቅ፣ ከዚህ የበለጠም ቃል እንደማይወጣት ታውቃለች። «ወንበር ስቢና ተቀመጪ» ብትላት ይበቃ ነበር።

ትሪሻ ቀደመቻት። ቀሚሱን ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈችውና ወደ መስተዋቱ ዞረች፤ የምትፈልገውን እንዳገኘች ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ቨርና ተከትላት ሄዳ ቀስ ብላ ከእጇ ወሰደችው። ለእህቷ ልትል የነበረውንም ተወችው።

«አይ የኔ ልጅ፣ ይሄ አይሸጥም። ባለቤቲቱ የፈለገችው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር… ቀኗ አለፈ። ደግሞ እይው፣ ደሙ አልለቀቀም። ደም ክፉ ነው። ብታሺው፣ ብትቀቅይው፣ ከሰው ላይ አይወርድም።»

አጥፋ ከጠረጴዛው ስር፣ ከራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ለትሪሻ የገበሬ ሸሚዝና የገለባ ባርኔጣ አወጣችላት፤ የበቆሎ ማሳ የወፍ ማስፈራሪያ ሁኚ፣ ለባልሽም አንድ አይነት ይገኛል አለቻት። ትሪሻ ደስ አላት። ታናሽየዋ አሁንም ቆማለች። አንዲት ቃል ነው የምትጠብቀው፤ ክፉም ብትሆን ለእሷ የተባለች ቃል።

ቨርና ሸሚዙን ለትሪሻ እየጠቀለለች፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ ጸሎት እንደምታነብ ሴት ድምጿን አለሰለሰች።

«ያቺን ሴት ግን ክፉ አይንካት። ሦስት ልጆች አሏት፤ መልካቸውም ጠባያቸውም ቁርጥ እሷን ነው ይላሉ። ዕድሜ ይስጣት፣ ሸብታ ጎብጣ ትኑር… አልጋ ላይ በዋለችም ጊዜ፣ እሷ እናቷን እንደ ጦረቻት፣ ልጆቿም እሷን እንዲሁ አድርገው ይጡሯት።»