ለሟች የተላከ የቡና ጥሪ

ጅማ ዝናቧን የምትለቀው ጃንጥላ የረሳ ሰው ስታይ ነው። እኔም ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ዶፍ ያዘኝና የሐጂ ቲጃኒ ማተሚያ ቤት በረንዳ ሥር ተጠለልሁ። ሐጂ የድሮ ጎረቤቴ ናቸው፤ «ግባ እንጂ መምህር» ብለው አስገቡኝ። መግባቴን ወዲያው ጠላሁት፤ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

ምክንያቱን የነገረችኝ ልጃቸው ረይሃና ናት። ዋቅጋሪ የሚባል፣ ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ከተማ የቡና ማጠቢያ ያለው ሰው፣ ገበሬዎች እሸት ቡናቸውን እንዲያመጡለት በየዓመቱ የጥሪ ደብዳቤ እዚህ ያሳትማል። ሌላው ደንበኛ ወደ አዲስ አበባ ስለሸሸ ማተሚያ ቤቱ የቆመው በእሱ ሥራ ነው። ደብዳቤው «ለኦቦ»፣ ለአቶ እንደ ማለት (ለሴት ሲሆን «አዴ» ነው)፣ ተብሎ በኦፍሴት፣ በብዛት በሚያትመው ትልቁ ማሽን፣ ይታተምና ስሙን ሐጂ በሚያምር እጃቸው ይሞሉታል። ዘንድሮ አንዱ ጥሪ ሳቢሃ የምትባል ሴት ቤት ደረሰ። የተጻፈው የባሏ ስም ነበር፤ ባሏ ደግሞ ዓምና ተቀብሯል። ሳቢሃ አልቅሳ ቡናዋን ለሌላ ማጠቢያ ሰጠች፣ ጎረቤቶቿም ተከተሏት። ዋቅጋሪም ይህ ካልተስተካከለ ሥራዬን አነሳለሁ ብሎ ሄደ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚሉት እንዲህ ለማለት አይመስለኝም።

ረይሃና ዘዴ ነበራት፤ ስሙን ከኮምፒውተር የሚያትመው ዲጂታሉ ማተሚያ ይጻፈው ትላለች። ሐጂ ግን ዲጂታል ኪስ ያራቁታል ብለው አልሰማ አሉ።

«ሁሉን በእሱ ካተምን ልክ ነዎት፣ አባ» አለች። «የደብዳቤውን ሥዕልና ለሁሉም አንድ የሆነውን ቃል በኦፍሴት በብዛት እናውጣው፤ በብዛት ሲሆን ርካሽ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቡናውን የሚጭነው መኪና የሚደርስበትን ቀን ብቻ በዲጂታሉ ጥቁር ቀለም እንጨምርበት።»

«ስም የእጅ ነገር ነው። ሰው በእጁ ሲጽፍልሽ አከበረሽ ማለት ነው። ማሽን ማንን ያከብራል?»

እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ሽማግሌው አደላ። ረይሃና ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰች።

«እጅዎ ያከብራል። ግን ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ የዓምናውን ነው የገለበጡት። አዴ ሳቢሃ ቡናውን ራሳቸው ለቅመው ራሳቸው ያመጣሉ፤ አንድም ቀን በስማቸው አልጠራናቸውም። ደብዳቤው ላይ ያለው ባዶ ቦታም ቢሆን ለኦቦ እንጂ ለአዴ አልተተወም።»

እኔም ገባሁበት። ክብር ያለው በብዕሩ ሳይሆን ሰውየው ማን እንደሆነ በማወቁ ነው፣ ማሽኑም የነገሩትን ነው የሚጽፈው አልሁ። መምህር ነኝና ሳልጠየቅ መናገር ይቀናኛል። ሐጂ ግን እኔን አልሰሙም።

«ወላሂ» አሉ፣ «ያንን ስም ስጽፍ ፊደሉ አምሮልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም፤ በልጃቸው ዘዴ ተስማሙ።

ረይሃና የቡ ወርዳ በየቀበሌው እየጠየቀች ስሙን አጣራች። አዲሱ ጥሪ በሁለቱ ማሽኖች ታትሞ ሲወጣ ዋጋው ከዓምናው ብዙም አልራቀም። ሴቷም «አዴ» ተብላ ተጠራች፤ ገበሬውም መኪናው የሚመጣበትን ቀን አውቆ ስለሚለቅም እሸቱ ጆንያ ውስጥ መበላሸቱ ቀረ። ዋቅጋሪ ሥራውን አላነሳም። ለሳቢሃም በስሟ ደብዳቤ ተላከላት፤ እሷ ግን አልተመለሰችም።

ሐጂን በቀደም ሳገኛቸው ከማሽኑ የሚወጣውን እያዩ ተቀምጠዋል። በእጃቸው የሚሞሉት ባዶ ቦታ የለም። ስም መቀየር ከባድ ይሆን እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቁ፤ አፍታም አይፈጅ አለቻቸው።

«እንግዲያስ የእኔንም ስም በሞትሁ ዕለት ካለበት ሁሉ ሰርዢው» አሉ። «እናትሽ በር ላይ በስሜ የተጻፈ ወረቀት እንዳይደርስባት።»