የግንዱ ቤትና የታደሰ እሺታ

በኛ ጊዜ ሰው ከሰው የሚጣላው በመሬት ነበር፤ በወሰን፣ በውሃ፣ ሲብስም በሚስት። እኔና ታደሰ ግን የተጣላነው በግድግዳ ነው። አትሳቂ ሔዋን፣ ጠይቀሽኝ አይደል? እንግዲህ ስሚ።

ታደሰን አታውቂውም። እዚህ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ታክሲ ስንነዳ ለሁለት አንድ መኪና ነበረን፣ እሱ ጠዋት እኔ ከሰዓት፣ ወንበሩ እኮ ቀዝቅዞ አያውቅም። ፓልምስ ሰፈር አንድ አፓርታማ አብረን ኖረናል፣ ሚዜዬ ነው፣ የልጄ የክርስትና አባት ነው። እና ባርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም። "አንተ!" ነው የሚለኝ። "አንተ፣ በላህ?" "አንተ ደንቆሮ፣ ስልክህን አንሳ እንጂ!" ዘውዴ መባሌን የረሳው ነበር የሚመስለኝ።

ታዲያ ጡረታ ስንወጣ ተራራ ላይ፣ ከዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ድራይቭ አድርገሽ፣ በረዶ የሚጥልበት አገር፣ የግንድ ቤት ተጋርተን ገዛን። ሎግ ሀውስ የሚሉት። ግንዱ እንዳለ ተጋድሞ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ግድግዳ የሆነ። ጭቃ የለው፣ ልስን የለው፣ ዝም ብሎ ግንድ። የድሮው ባለቤት ግንዱን አስፍቆ፣ ሳይቀባው ነው የሸጠልን። እና ራሞን የሚባል የዚያ ሰፈር አናጢ መጣና ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አድርጎ፣ "ስቴይን ታደርጉታላችሁ ወይስ ናቹራል፣ እንዳለ፣ ትተዉታላችሁ? በረዶ ሳይመጣ ወስኑ" አለን። ስቴይን ማለት ቀለም ነው፣ ግን እንደ ቀለም ላዩ ላይ አይቀመጥም፣ እንጨቱ ይጠጣዋል። አንዴ ከጠጣው ደግሞ አለቀ።

እኔ "ይቀባ" አልኩ። ለምን በይኝ። በተወለድኩበት አገር ያልተመረገ ቤት ማለት፣ እንጨቱ አፍጥጦ ሲታይ ማለት፣ ባለቤቱ ጭቃ አቡክቶ የሚመርግለት ዘመድ የለውም ማለት ነው። ሰው የሌለው ሰው ቤት ነው። እኔ በስተርጅና መንገደኛ እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። ራሞንም "ካልተቀባ ፀሐይ ያገረጣዋል፣ ውሃ ይገባዋል" ብሏል።

ታደሰ ደግሞ "አይነካም!" አለ።

"ለምን?" ብለው፣ "አንተ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን የኖርኩት አከራይ ነጭ ቀብቶ በሚሰጠኝ ቤት ነው። ወጣሁ ነጭ፣ ገባሁ ነጭ። አሁን እንኳ እንጨት፣ እንጨት ሆኖ ልየው። ይገርጣ! እኔስ ገርጥቼ የለ?" አለኝ። ይሄ አልበቃ ብሎት፣ "አንተ ሽበትህን መቀባትህ ይበቃሃል" አለ። እውነቱን ነው፣ እቀባለሁ። እሱን ምን አገባው?

ታዲያ እንዲህ ስንባባል ሰመሩ፣ የሙቀቱ ወራት፣ አለቀ። እና ራሞን ደወለልኝ፣ "ሐሙስ ዝናብ አለ፣ እንጨቱ ከረጠበ እስከ ስፕሪንግ፣ በረዶው እስኪቀልጥ፣ አይቀባም" አለኝ። ወዲያው ለታደሰ ደወልኩ። ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ነበር፣ የልጅ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊያመጣ ሰልፍ ላይ ቆሞ።

"ታደሰ፣ አንዷን ግድግዳ ብቻ፣ ዝናብ የሚመታትን የምዕራቧን፣ ነገ ላስቀባ ነው" አልኩት። የመኪና ጥሩምባ ብቻ ነው የሚሰማኝ። "ሰማኸኝ? ላስቀባት ወይ?" ብለው፣ "እሺ" አለኝና ስልኩ ተዘጋ።

እሺ። በነዚህ ጆሮዎቼ ነው የሰማሁት። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባል የለ? እኔም ከሺ የሚበልጠውን ይዤ ተራራ ወጣሁ። እና አስቀባሁ። የስቴይኑ ቆርቆሮ ክዳን ላይ ሲያዩት የማር መልክ ነበረው፣ ግን አሮጌ እንጨት ብዙ ይጠጣል ለካ፣ ሲደርቅ ጉበት መሰለ። ራሞን አየና ብሩሹን አጠበ።

ቅዳሜ ታደሰ መጣ። መኪናውን ፓርክ አደረገ፣ ወረደ፣ ግድግዳውን አየ። ይሰድበኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር፣ ሦስት መልስ ነበረኝ። ኮፍያውን አወለቀና፣ "አቶ ዘውዴ፣ እንደምን አደሩ?" አለኝ።

ክው አልኩ። "ምን አልክ?"

"ደህና አደሩ ወይ ነው ያልኩት። ቤቱ ያምራል፣ እንኳን ደስ አለዎት" አለና ቦርሳውን ይዞ ገባ።

ሔዋን፣ አንቺ እዚህ ተወልደሽ አንተ ትይኛለሽ፣ ደስ ይለኛል፣ ክፋት የለውም። ለናንተ ሁሉም ዩ ነው። ግን ያርባ ዓመት ጓደኛሽ እርስዎ ሲልሽ በሩን ዘጋብሽ ማለት ነው፤ ያውም ጨዋ ሆኖ፣ እየሰገደልሽ። እኔ ስድብ በስንት ጣዕሙ እል ነበር። እንደዚያ ከረምን። "እርስዎ ይቅደሙ።" "ኧረ ይቀመጡ።" "ሾርባ ላቅርብልዎት?" እኔ ሾርባ እንደማልወድ ያውቃል! ራሞን ሲመጣ በእንግሊዝኛ ስናወራ ብቻ ነው እፎይ የምለው፣ ዩ ነዋ፣ ዩ አንተም አይደል፣ አንቱም አይደል። ከዚያ ወዲህ ታደሰን ባገኘሁት ቁጥር በእንግሊዝኛ ጀመርኩ። "ሃው አር ዩ?" ስለው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?"

ሲብስብኝ እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ማለት ፒኮ መንገድ ላይ ሠላሳ ዓመት የልብስ እጥበት ቤት የነበራቸው፣ የዚህን ሰፈር ባልና ሚስት ሁሉ ያስታረቁ ሴትዮ ናቸው።

"እትዬ፣ ከታደሰ ጋር ያስታርቁኝ" አልኳቸው።

"በምን ተጣላችሁ?"

"በስቴይን።"

"የምን ስቴይን? የወጥ ነው የዘይት?" ለልብስ አጣቢ ስቴይን እድፍ ነዋ።

"አይ፣ ሆን ብለን የምንቀባው ነው።"

"ሆን ብላችሁ?" መነጽራቸውን አወለቁ። "እኔ ስቴይን ሳስለቅቅ ጣቴ አለቀ፣ አንተ ከፍለህ ታስደርጋለህ?"

እስካስረዳቸው መሸ። በማግሥቱ ታደሰን አስጠሩት፣ ሳሎናቸው ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጡን።

"ዘውዴ እቀባለሁ ሲልህ እሺ ብለሃል?" አሉት።

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ምን ቀረህ?"

"እትዬ፣ እሺ አልኩ እንጂ መች እሺ አልኩ?"

ይኸውልሽ! እኔ ፈነጠዝኩ፣ አመነ ብዬ። እትዬ አስካለ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የገባቸው ነገር አለ። "እንዴት አድርገህ ነው ያልከው? እንዳልከው በል እስቲ።"

ታደሰ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ተነፈሰ፣ ትከሻው ወረደ፣ እና "እ…ሺ" አለ። ድምፅ የለውም፣ ትንፋሽ ነው።

ወደኔ ዞሩ። "አንተ እንዴት ነው የሰማኸው?"

"እሺ!" አልኩ እኔ፣ ፈጠን አድርጌ።

"እንዲህ ነው ያለህ? ማርያምን በል።"

ማርያምን ማለት አቃተኝ።

"ይሄማ እሺ ሳይሆን ተወኝ ማለት ነው" አሉ። "ባሌ ነፍሱን ይማረውና ሲለኝ የኖረው ነው። አርባ ዓመት አብረኸው በልተህ እሺውን የማትለይ፣ አንተ ደግሞ ምን ጓደኛ ነህ? ያንተ ጥፋት ነው። ተነሥና ይቅርታ ጠይቅ!"

የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል። ተነሣሁ፣ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ያዘኝና፣ "ኧረ ይተዉ! ይቅር ብያለሁ። እርስዎም ይቅር ይበሉኝ" አለኝ። ታረቅን ተባለ። እትዬ አስካለ መረቁን። ታርቀንም እርስዎ! አየሽልኝ? መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን መክተቻው ጠፋኝ።

ስፕሪንግ ሲገባ፣ በረዶው ሲቀልጥ፣ ለማንም ሳልናገር ብቻዬን ወጣሁ። ራሞን "ከእንጨቱ አይለቅም፣ ካልፋቅከው በቀር" ብሎኝ ነበርና መፋቂያ ማሽን ተከራይቼ፣ በቃ ልፋቀው፣ እንደነበረ ላድርግለት ብዬ። በሰባ ዓመቴ። ማሽኑ ይዞኝ ነው የሚሄደው እንጂ እኔ አልያዝኩትም። አንዱ ጋ ጎደጎደ፣ አንዱ ጋ ጉበቱ እንዳለ ቀረ፣ እስከ ቀትር ድረስ ግድግዳው አይጥ የበላው ዳቦ ሆነ። እኔም ቀጠልኩ። ምን ላድርግ፣ ጀምሬዋለሁ።

ራሞን በመንገድ ሲያልፍ አይቶኝ ኖሮ ለታደሰ ደወለለት። "ጓደኛህ ቤቱን እየበላው ነው" ብሎት። ታደሰ እንዴት እንደነዳ እግዜር ይወቀው፤ እኔ በማሽኑ ጩኸት መምጣቱንም አልሰማሁ፣ ብቻ ማሽኑ እጄ ላይ ድርግም አለ። ዞር ስል ሶኬቱን ነቅሎ፣ ሽቦውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"አብደሃል?" አለኝ። "አንተ! አብደሃል ወይ? ማን ንካው አለህ? መነጽር እንኳ አላደረግክም፣ ዓይንህ ቢጠፋስ? አንተ የማትረባ ሽማግሌ!"

"ምን አልክ?"

"የማትረባ!"

"ከሱ በፊት።"

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ገባው። ሽቦውን ጣለና፣ "አንተ ነዋ ያልኩት። ምን ልበልህ ታዲያ፣ አንተ?" አለኝ።

አለቀስኩ ሔዋን። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። "ዱቄቱ ዓይኔ ገብቶ ነው" አልኩት። ዱቄቱ አልነበረም። እሱም አጠገቤ ቁጭ አለና፣ "አዎ፣ ዱቄቱ መጥፎ ነው" አለኝ፣ እጁ ትከሻዬ ላይ ነበር።

ያቺ ግድግዳማ እንዲያ ከተበላሸች በኋላ ራሞን "አሁን ይሄ ምርጫ የለውም፣ ይቀባል" አለ። ቀለሙን ታደሰ መረጠ፣ ግማሽ ቀን ፈጀበት፣ ራሱም ቀባው፣ እኔ ባልዲ ያዝኩ። ጥሩ ማር ወጣ። ሦስቱን ግን ናቹራል ተውናቸው።

— ሶ ጋሼ፣ ማናችሁ ናችሁ ልክ? ስቴይኑ ነው የሚሻለው ናቹራሉ?

ስቴይኑ ነው እንጂ ሔዋን! ይጠየቃል? ሦስቱ ግድግዳ ገርጥቷል፣ በሰሜን በኩል ከታች ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቷል፣ በጣቴ ብጫነው ሰመጠ። አይቼዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ታደሰ እዚያው አጠገቡ ቆሞ፣ "አንተ፣ አየህ እንጨት ሲያረጅ እንዴት እንደሚያምር?" አለኝ። "ያምራል" አልኩት። ይበስብስ። ቤት ሌላ ይገዛል።