አርባው ሳይወጣ

ዛሬ ታፔላውን ጮክ ብዬ አንብቤ፣ ደብረ ኤልያስ ልሄድ የሮብ ገበያ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ፊደል አስተማሪ ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል?

ሾፌሩ ሰሞኑን በወጣትነቱ የሞተውን ዘፋኝ ዘፈን ከፈተ። ከፊቴ የተቀመጠው ጎልማሳ ጥቁር ለብሰው አጠገቡ ለተቀመጡት እናት ወሬ ጀመረ።

«ሦስት ሚስት ፈቷል አሉ።»

«አንድም አላገባ። አግባ ብዬ ስለምነው ‹ገና ነኝ› ይለኝ ነበር።»

«እርስዎ በምን ያውቁታል?»

«ወልጄው።»

«አፈር በበላሁ! ሾፌር፣ ዝጋው!»

«ተው፣ አታዘጋብኝ! ቤትማ ጎረቤቱ ‹አርባው ሳይወጣ ዘፈን ነውር ነው› ብሎ ሬዲዮኔን ደበቀብኝ።»

«ታዲያ ወዴት እየሄዱ ነው?»

«የትም። ሮብ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ትናንትም ሄጃለሁ።»

«ሾፌር፣ እስቲ ድምፁን ጨምረው።»

እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ ደብረ ኤልያስ ያለውን የእህቴን ባል ለቅሶ እስካሁን አልደረስኩም።